የፍሬን ሸራ፦ መርዝን በሌላ መርዝ ላለመተካት

ጭነት የያዘ መኪና ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁለቱን ሲወርድ የሚተወውን የተቃጠለ ሽታ ያላሸተተ የአዲስ አበባ ነዋሪ ይኖራል ለማለት ያስቸግራል። ሽታው የሚመጣው ከፍሬኑ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር የፍሬኑ ሸራ ከጎማው ጋር በሚሽከረከረው ታምቡር ወይም ዲስክ ላይ ይጫናል፤ በሚፈጠረው ሰበቃም መኪናው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህ ሸራ ከምን ይሠራል? እየተፈገፈገ ሲያልቅስ ወዴት ይሄዳል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመርመር ነው።

በቅድሚያ የሸራውን የሥራ ጫና በቁጥር እንመልከት። ክብደቱ 1,200 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 20 ሜትር ቢጓዝ፣ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 240,000 ጁል ይሆናል። ይህ 800 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃን ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሴልሽየስ ለማሞቅ የሚበቃ ጉልበት ነው። መኪናው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ በፍሬን ሲቆም ይህ ጉልበት በአብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ደግሞ ጉልበቱ አራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ለሸራ የሚመረጠው ቁስ ሙቀትን የሚችል፣ ቶሎ የማያልቅ፣ በዝናብም ሆነ በፀሐይ ሰበቃው የማይለዋወጥ መሆን አለበት።

እንደ ጥጥ የሚፈተለው ማዕድን

እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የፍሬን ቁሶችን መሥራት ሲጀምር በሙጫ የተነከሩ የጨርቅ ውጤቶችን ይጠቀም ነበር። መካኒኮቻችን ዛሬም «ሸራ» የሚሉት ክፍል በጥንት ዘመን እውነተኛ ሽምን ነበር ማለት ነው። ጨርቅ ግን በከፍተኛ ሙቀት ያርራል። በመሆኑም ፍሩድ እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ አስቤስቶስ ፊቱን አዞረ።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ፣ እንደ ጥጥ ሊፈተልና ሊሸመን የሚችል ቃጫማ ማዕድን ነው። በፍሬን ውስጥ በብዛት ያገለገለው ክሪሶታይል የተባለው ዓይነት ከማግኒዝየም፣ ከሲሊከን፣ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን የተዋቀረ ነው። አይቃጠልም፤ ጠንካራ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። በዚህም ምክንያት ለአብዛኛው የ20ኛው ምዕተ ዓመት የፍሬን ሸራ ዋና አካል ሆኖ ቆየ።

ችግሩ የተደበቀው በቃጫው ቅርጽ ውስጥ ነበር። የአስቤስቶስ ቃጫ ሲሰበር በቁመቱ እየተሰነጠቀ በዓይን ወደማይታዩ ቀጫጭን ዘንጎች ይለወጣል። እነዚህ ከአየር ጋር ተስበው ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ሲደርሱ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሳት ሊያስወግዷቸው ይሞክራሉ፤ ረጃጅሞቹን ግን ሊውጧቸው አይችሉም። ውጤቱ የሳንባ ጠባሳ፣ የሳንባ ካንሰር፣ እንዲሁም ሜሶቴሊዮማ የተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር ሊሆን ይችላል። ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው ከ20 እስከ 40 ዓመታት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። በወጣትነቱ አቧራውን የሳበ መካኒክ ሕመሙን የሚያውቀው በጡረታ ዕድሜው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ መታወቅ አለበት። በፍሬን ብርቱ ሙቀት ምክንያት አብዛኛው ክሪሶታይል ባሕርዩ ተለውጦ ቃጫነቱን ያጣል። ከፍ ያለው አደጋ ያለው አዲስ ሸራ ሲሞረድ፣ ሲበሳና ሲፋቅ፣ በታምቡር ውስጥ የተጠራቀመው አቧራም በኮምፕረሰር አየር ሲነፋ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አስቤስቶስን ከገበያ አገደ። አሜሪካ ክሪሶታይልን የሚከለክለውን ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ምትኩ ራሱ ጥያቄ ሲያስነሣ

አስቤስቶስን አንድ ቁስ ብቻውን ሊተካው አልቻለም። ኢንጂነሮች የአረብ ብረት ቃጫን፣ የመስታወት ቃጫን፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1965 ስቴፋኒ ክዎሌክ ባደረገችው ግኝት የተወለደውን ኬቭላርን የመሳሰሉ አራሚዶችን ከሙጫና ከማዕድን ዱቄት ጋር ማደባለቅ ጀመሩ። በብዙ ድብልቆች ውስጥ መዳብም ገባ። መዳብ ሙቀትን በፍጥነት ያስተላልፋል፤ ሰበቃውንም ያረጋጋል። ለሳንባም ከአስቤስቶስ ጋር የሚወዳደር አደጋ የለውም።

ይሁን እንጂ የሸራው ብናኝ አይጠፋም። መንገድ ላይ ይረግፋል፤ ዝናብ ሲዘንብ በጎርፍ ተጠርጎ ወንዝና ባሕር ይገባል። በካሊፎርኒያ የሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥን ውሃ ያጠኑ ባለሙያዎች ከመዳቡ ምንጮች አንዱ የመኪና ፍሬን መሆኑን ተገነዘቡ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚገኝ ጥቂት ማይክሮግራም የተሟሟ መዳብ የሳልመን ዓሣ ጫጩቶችን የማሽተት ችሎታ ያደክማል። ማሽተት የተሳነው ዓሣ ደግሞ አዳኙ ሲቀርብ አይሸሽም።

በዚህም ምክንያት የካሊፎርኒያና የዋሽንግተን ክፍላተ ሀገራት እ.ኤ.አ. በ2010 ሕግ አወጡ። በሕጎቹ መሠረት በሸራው ውስጥ ያለው መዳብ እ.ኤ.አ. በ2021 ከክብደቱ ከ5 በመቶ በታች፣ በ2025 ደግሞ ከ0.5 በመቶ በታች እንዲሆን ተወሰነ። ፋብሪካዎቹ ወደ ግራፋይት፣ ወደ ሴራሚክና ወደ ሌሎች ድብልቆች አመሩ። ስለ እነዚህም ተመሳሳይ ጥያቄ ሊነሣ ይገባል፦ ብናኛቸው ወዴት ይሄዳል? ማንን ይነካል? ምትክ ቁስ በፍሬን መያዣ ብቃቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከተመረተበት ዕለት አንሥቶ አቧራ ሆኖ እስከሚቀርበት ድረስ መመዘን አለበት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባጸደቀው ዩሮ 7 በተባለው ደንብ ከጭስ ማውጫ በተጨማሪ ለፍሬን ብናኝም ወሰን ያበጀው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ ወደ እኛ ሲመጣ

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ዕድሜ ጠገብ መኪኖች ብዙ ናቸው። አንድ ሸራ አስቤስቶስ ይኑረው አይኑረው በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ በጋራዥ ለሚሠራ ወጣት ትክክለኛው ምክር ማንኛውንም የፍሬን አቧራ እንደ አደገኛ መቁጠር ነው። በኮምፕረሰር አይነፋ፤ በደረቁም አይጠረግ፤ ይልቁንም በውሃ አርጥቦ በጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁም በላስቲክ ታስሮ ይወገድ። በሥራ ልብስ ወደ ቤት መግባትም አቧራውን ለልጆች ማካፈል ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑ በፍሬን ረገድም ትርጉም አለው። የኤሌክትሪክ መኪና ሲቆም ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ የእንቅስቃሴ ጉልበቱን በከፊል ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ሸራውም በዚያው መጠን ያርፋል። ባትሪው ሲያረጅ የሚያስከትለው የቆሻሻ ጉዳይ ግን ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል፤ አለዚያ የመዳቡ ታሪክ በሌላ ስም ይደገማል።

ውድ አንባቢያን፣ አስቤስቶስን የመረጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ጥያቄያቸው «መኪናውን ያቆማል ወይ?» የሚል ብቻ ነበር። ነገ በቤተ ሙከራ አዲስ ቁስ የምትቀምሙ የኬሚስትሪና የምሕንድስና ተማሪዎች «ሲያልቅስ ምን ይሆናል?» የሚለውን ሁለተኛ ጥያቄ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ላይ ብትጠይቁ፣ በጋራዥ የሚውለው ወንድማችሁ ከአርባ ዓመት በኋላም በሙሉ ሳንባው ይተነፍሳል።