ጉበትና ስብ በወንድና በሴት

ጉበት ከሰውነት የውስጥ አካላት ሁሉ ትልቁ ሲሆን፣ ስኳር ማከማቸት፣ ሐሞት ማመንጨትና መርዝ ማርከስ ሥራው መሆኑ የታወቀ ነው። ብዙዎች ልብ የማይሉት ግን ይህ አካል ያለ አንዳች የአልኮል ጠብታ በስብ ሊሞላ መቻሉን ነው። ነዋሪዋ በአብዛኛው ሙስሊም በሆነችው በጂቡቲ ከተማ፣ አልኮል ያልቀመሰ ሰው ጉበቱ አይታመምም የሚለው እምነት ከሌላው ስፍራ ይልቅ ያሳስታል።

ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት ከቀትር በኋላ ለገዢው ሲዳረስ፣ ወንዶች መብረዝ በሚባለው መቃሚያ ክፍል ትራስ ተደግፈው ለሰዓታት ይቀመጣሉ፤ ቅጠሉ ስለሚመር ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ከጎናቸው አይታጣም። በአንድ ጣሳ ለስላሳ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል፤ የዚህ ስኳር ግማሽ ያህሉ ፍሩክቶስ ሲሆን፣ ፍሩክቶስ በአመዛኙ የሚብላላው በጉበት ስለሆነ ሲበዛ እዚያው ወደ ስብ ይለወጣል። ቅጠሉም ቢሆን ነጻ አይደለም፤ በሐረር ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የሆስፒታል ጥናት ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል።

ወንድ ትርፍ ምግቡን በአንጀቱ ዙሪያ፣ ማለትም በቦርጩ ውስጥ ያከማቻል፤ ከዚያ የሚነሣው የደም ሥር በቀጥታ ጉበት ውስጥ ስለሚገባ ስቡም አብሮ ይደርሳል። በመውለጃ ዕድሜ ያለች ሴት ግን ኢስትሮጅን በተባለው የሴት ሆርሞን አማካይነት ስቡን በዳሌዋና በጭኗ ቆዳ ሥር ታኖረዋለች። ስለዚህ ዳሌዋ የሰፋውን ሴት እየነቀፉ የወንዱን ቦርጭ የድሎት ምልክት አድርጎ ማየት ነገሩን መገልበጥ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ግን የኮሊን ነገር ነው። ኮሊን በእንቁላል አስኳል፣ በጉበትና በዓሣ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ጉበት ስቡን ወደ ደም የሚልክበትን መጠቅለያ የሚሠራው በእርሱ ነው፤ በጂቡቲ ወደብ ከመርከብ የተራገፈ ስንዴ ጆንያ ካልተገኘለት ተከምሮ እንደሚቀር ሁሉ፣ ኮሊን ያነሰው ጉበትም ስቡን ማስወጣት ተስኖት ይወፍራል። በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ተመራማሪዎች 57 ጎልማሶችን ኮሊን እጅግ ያነሰበት ምግብ ለሳምንታት መግበው በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከወንዶቹ 77 በመቶው፣ ካረጡት ሴቶች ደግሞ 80 በመቶው የጉበት ስብ ወይም የጡንቻ ጉዳት ሲያገኛቸው፣ ካላረጡት ሴቶች የተጎዱት 44 በመቶው ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ኢስትሮጅን በጉበት ውስጥ ኮሊን የሚያመነጨውን ጂን የሚቀሰቅስ መሆኑ ነው፤ በአንዳንድ ሴቶች ግን ይህ ጂን በዘረመል ልዩነት ምክንያት ለሆርሞኑ አይታዘዝም።

የሴቷ ጥበቃ እንግዲህ የጊዜ ስጦታ ነው፤ የወር አበባ ሲቋረጥ ስቡ ወደ ሆድ ይዞራል፣ ጉበቷም እንደ ወንዱ ጉበት ይጋለጣል። በወጣትነቷ ያልጎዳትን አመጋገብ በሃምሳ ዓመቷ ሳትለውጥ የምትቀጥል ሴት፣ ወይም ስኳሩን ችላ ብሎ ሥጋውን ብቻ የሚፈራ ወንድ፣ የሚጠነቀቀው በተሳሳተ ቦታ ነው። በሽታው ለዓመታት ሕመም ስለማይሰጥ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል፤ በልብስ ሰፊ ሜትር እምብርት ላይ ሲለካ ወገቡ ከ94 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ወንድና ከ80 የበለጠች ሴት ሕመም ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ሊቀርቡ ይገባል።