ለዚዳን ቴስታ አይኪዶ መልስ አለው?

በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ በ110ኛው ደቂቃ በርሊን ላይ የሆነውን የማያስታውስ የኳስ ወዳጅ የለም። ዚነዲን ዚዳን ከማርኮ ማቴራዚ ጋር ሁለት ሦስት ቃል ተለዋወጠ፣ ጥቂት ራመድ አለ፣ ከዚያ ዞር ብሎ ደረቱን በቴስታ አለው። ማቴራዚ እጁን እንኳ ሳያነሳ ሣሩ ላይ ተዘረረ። ዳኛው ቀይ ካርድ መዘዙ፣ ጣሊያን በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 3 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ስለዚያች ቴስታ ያልተባለ ነገር የለም። ለዛሬ ጉዳያችን የምንፈልገው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እውነተኛ ድብድብ እንዲህ ነው። ፊሽካ የለው፣ ሰላምታ የለው፣ "ተዘጋጅ" የሚል የለው። ሁለት ሴኮንድ ሳይሞላ አለቀ።

ዱከምም ይሁን ሰበታ፣ ቡራዩም ይሁን ሱሉልታ፣ የዲኤስቲቪ ቤት ጨዋታ አልቆ ወሬው ወደ ድብድብ ከዞረ ክርክሩ የታወቀ ነው። ከቪዲዮ ቤት ዘመን ጀምሮ የመጣ ክርክር ነው። ብሩስ ሊ ወይስ ቫንዳም? ቫንዳም ወይስ ስቴቨን ሲጋል? የሲጋል ወገኖች መልሳቸው አንድ ነው፤ "ሲጋል እኮ አይላብም! አንጓ ይይዛል፣ ያዞራል፣ ሰውዬው በመስኮት ይወጣል።" ያ በፊልም የምናየው አንጓ መጠምዘዝ አይኪዶ ይባላል። ጥያቄው ግን ፊልም አይደለም። ማታ ከሥራ ሲመለስ ማጅራት መቺ የሚያሰጋው ልጅ ወርሃዊ ክፍያ ከፍሎ ቢማረው ያድነዋል ወይ? ቴኳንዶ፣ ቦክስ ወይም ጁዶ አይሻለውም? (ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ሲሆን እንነግራችኋለን።)

አይኪዶ ከየት መጣ?

የአይኪዶ አባት ጃፓናዊው ሞሪሄይ ኡዬሺባ ነው። በ1883 ተወልዶ በ1969 ሞተ። ዋናው ትምህርቱ ዳይቶ ሪዩ የሚባል ጥንታዊ የጁጁትሱ ዓይነት ሲሆን፣ ያስተማረውም ሶካኩ ታኬዳ የተባለ አስቸጋሪ ጦረኛ ነበር። ጁጁትሱ የሰይፍ ዘመን ጥበብ ነው። ጠላት ሰይፍህን እንዳትመዝ እጅህን ይይዛል፣ አንተ ደግሞ መልሰህ ታስለቅቃለህ። አይኪዶ ላይ ሁሉም ነገር ከአንጓ መያዝ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ሰይፍ ላልያዘ የዱከም ሰው አንጓውን አንቆ የሚይዘው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ያዙት፣ እንመለስበታለን።

ኡዬሺባ እያረጀ ሲሄድ ጥበቡን ከመግደል ወደ ሰላም አዞረው። ግጥሚያ ከለከለ። አሸናፊና ተሸናፊ የለም፣ ጥቃቱን ተቀብለህ አቅጣጫ ታስቀይረዋለህ፣ አጥቂህንም ሳትጎዳ ታስቀምጠዋለህ አለ። ሐሳቡ ቆንጆ ነው። መዘዙ የመጣውም ከዚሁ ነው።

ቀለበቱ ምን አሳየ?

በኅዳር 1993 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የመጀመሪያው ዩኤፍሲ ተካሄደ። "የትኛው ስፖርት ያሸንፋል?" የሚለው የቪዲዮ ቤት ክርክር በእውን ቀረበ ማለት ነው። ቦክሰኛ፣ ካራቴ፣ ሱሞ፣ ኪክቦክሲንግ፣ ሁሉም ገባ። አንደኛው ቦክሰኛ አርት ጂመርሰን አንድ እጁ ላይ ብቻ ጓንት አድርጎ መጣ! ዋንጫውን የበላው ግን 80 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ብራዚላዊ ሮይስ ግሬሲ ነው። በአንድ ምሽት ሦስት ሰው መሬት እየጣለ አስረከባቸው። ከዚያ ወዲህ ዓለም የተማረው ነገር አለ፤ ትግልና መሬት ላይ መያያዝ የማይችል ሰው ጉድ ይሆናል።

ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ የዩኤፍሲ ቀበቶ ከታጠቁት መካከል ዋና ስፖርቱ አይኪዶ የሆነ የለም። የእኛን አህጉር ልጆች እንይ። ካማሩ ኡስማን በ2019 ሲነግሥ የመጣው ከትግል ነው። በዚያው ዓመት የነገሠው እስራኤል አደሳንያ ከኪክቦክሲንግ ነው። በ2021 የከባድ ሚዛን ቀበቶ የወሰደው ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ ደግሞ ቡጢ ነው። ይሄው ንጋኑ በ2023 ሪያድ ላይ ታይሰን ፉሪን ሳይቀር መሬት አስነክቶታል።

"ሲጋልስ?" የሚል አይጠፋም። በየካቲት 2011 አንደርሰን ሲልቫ ቪቶር ቤልፎርትን በፊት እርግጫ አገጩን ብሎ ሲዘርረው ሲጋል "እኔ ነኝ ያሠለጠንኩት" ብሎ ነበር። ይሁን እንበል። ግን እርግጫ አይኪዶ አይደለም! ሲልቫ የአይኪዶ አንጓ መጠምዘዝ ተጠቅሞ አላሸነፈም።

ከሁሉም የበለጠ የሚያሳዝነውና የሚያስከብረው የሊትዌንያዊው የሮካስ ሊዮናቪቹስ ታሪክ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ አይኪዶ የሠራ፣ የራሱ ዶጆ ያለው አሠልጣኝ ነበር። በ2017 ከኤም ኤም ኤ ተጫዋች ጋር ቀለል ያለ ልምምድ ገጥሞ አንዲት ነገር እንኳ አልሠራለትም። ሌላ ሰው ቢሆን ቪዲዮውን ይደብቅ ነበር፤ እሱ ለዓለም አሳየው። ዶጆውን ዘግቶም እንደ ጀማሪ ኤም ኤም ኤ መማር ጀመረ። በዚያው ዓመት ቻይና ውስጥ ሹ ሺያዎዶንግ የተባለ ኤም ኤም ኤ አሠልጣኝ አንድ የታይ ቺ መምህር ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ደብድቦ አገር አተራምሷል። እና ነገሩ የአይኪዶ ብቻ አይደለም፤ ተፈትኖ የማያውቅ ጥበብ ሁሉ በሽታ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ለኳስ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። አንድ አጥቂ ዓመቱን ሙሉ ያለ ተከላካይ ብቻውን ጎል ላይ ቢመታ በቴክኒክ ያምራል። ቅዳሜ ጨዋታ ሲመጣ ግን ተከላካዩ ማልያውን ይጎትታል፣ ቁርጭምጭሚቱን ይነካዋል፣ ኳሷም አልቆም ትለዋለች። አብዛኛው የአይኪዶ ልምምድ እንደዚህ ነው። አጥቂ የሚሆነው ጓደኛህ እጁን ዘርግቶ ይመጣል፣ ትይዘዋለህ፣ ሳይታገልህ አብሮህ ይገለበጣል። የሚገለበጠው አንጓው እንዳይሰበር ነው፤ ይህ ለደኅንነት ጥሩ ነው። ግን እምቢ የሚል ሰው ሲያጋጥምህ ምን ታደርጋለህ?

ቦክሰኛ ቡጢውን ሰንዝሮ እዚያው አይተወውም። ሄደ ሲባል ተመልሷል፤ ያንን አንጓ በአየር ላይ መቅለብ ዝንብ በጣት እንደመያዝ ነው። የጁዶ ልጅ ደግሞ በየቀኑ እምቢ ከሚል ሰው ጋር ይታገላል። ሩቅ ሳንሄድ፣ ከብት ሲጠብቅ በየሜዳው ትግል እየገጠመ ያደገ የገጠር ልጅ አለ። ጥቁር ቀበቶ የለውም፣ ግን ሚዛን ያውቃል፣ ወድቆ መነሳት ያውቃል። ካልተፈተነ ቀበቶ ይልቅ የዚህን እረኛ ትግል መፍራት ይሻላል።

የሚገርመው ይህን በሽታ ጃፓኖች ራሳቸው ቀድመው አይተውታል። የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ በ1930 ኡዬሺባን አይቶ ተደነቀና ተማሪዎቹን ላከለት። ከካኖ ጁዶ ወደ ኡዬሺባ ከሄዱት አንዱ ኬንጂ ቶሚኪ ነበር። ቶሚኪ በኋላ መምህሩ ያልወደደውን ነገር አደረገ፤ አይኪዶ ላይ ግጥሚያ አስገባ። አንዱ የማይጎዳ የላስቲክ ቢላ ይይዛል፣ ሌላው ባዶ እጁን ነው። እንዲህ ያለ ፍልሚያ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል፤ የሠለጠነ ሰው ሆኖም፣ አጥቂው ምን እንደያዘ እያወቀም፣ ቢላው ደጋግሞ ይነካዋል። ጨለማ ውስጥ፣ አስፋልት ላይ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱ።

ታዲያ ዋጋ የለውም?

ቆይ፣ አንቸኩል። የቶኪዮ ፖሊስ አድማ በታኞች በጎዞ ሺዮዳ የተመሠረተውን ዮሺንካን አይኪዶ ይሠለጥናሉ። የፖሊስ ሥራ ማሸነፍ ሳይሆን ሰውን ሳይሰብሩ መያዝ ነዋ። ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ሰካራም ሲይዙ ያ አንጓ መጠምዘዝ ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ጥበቃ ለሆነ፣ ጠብ ለሚገላግል ሰውም እንደዚያው ነው።

ሌላው አወዳደቅ ነው። አይኪዶ ከሁሉ በፊት የሚያስተምረው እንዴት እንደሚወደቅ ነው። ስንቱ ሰው በቡጢው ሳይሆን ጭንቅላቱ አስፋልት ሲመታ ነው የሚጎዳው! ግብ ጠባቂ ያውቀዋል፣ ሞተር የሚነዳም ያውቀዋል።

ሕጉንም አንርሳ። በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስን መከላከል ይፈቅዳል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ካለፍክ ያስጠይቅሃል። የአርሰናልና የማንቸስተር ክርክር ጦፎ ገፍቶ የመጣውን ልጅ በአንድ ቡጢ ጥለኸው ድንጋይ ላይ ቢያርፍ፣ አሸናፊው አንተ ነህ ወይ? ጉልቤ ነኝ ያለ ሁሉ እስር ቤት ሲገባ ቀበቶውን አይጠይቁትም።

አይኪዶ ኢትዮጵያ ውስጥ የያዘው መንገድም ይህኛው ነው። "ሰምና ወርቅ" በሚለው በ1965 በወጣው መጽሐፉ የምናውቀው አሜሪካዊ ምሁር ዶናልድ ሌቪን፣ ወዳጆቹ ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ የሚሉት፣ የአይኪዶ መምህር ነበር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ስለ ግጭት ሲያስተምር ተማሪዎቹን ምንጣፍ ላይ አውጥቶ ያገላብጣቸው ነበር። በ2015 እስኪሞት ድረስም ለሐዋሳ ወጣቶች አይኪዶ እንዲገባ ደግፏል። የሐዋሳው ዶጆ ዓላማ ጉልቤ ማፍራት አልነበረም። ሰሙ ድብድብ፣ ወርቁ ሳይጣሉ መኖር ነው ብንል ሰውየው የሚከፋው አይመስለንም።

ለመመዝገብ ላሰባችሁ

ቴኳንዶ በየከተማው አለ፤ ሰለሞን ቱፋን ቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ ድረስ ያደረሰ ስፖርት ነው። ቦክስ፣ ጁዶ፣ ውሹም የሚያስተምር ብትፈልጉ አታጡም። የትኛውም ጋ ስትሄዱ የስፖርቱን ስም አትጠይቁ። ቆማችሁ ልምምዱን እዩ። ተማሪው እምቢ ከሚለው ሰው ጋር ይገጥማል? ይሸነፋል? ተሸንፎ ነገ ተመልሶ ይመጣል? መልሱ አዎ ከሆነ ተመዝገቡ፣ ስሙ አይኪዶም ቢሆን። መምህሩ ብቻ የሚያሸንፍበት ቤት ከሆነ ግን ፊልም በብር እየገዛችሁ ነው።

ማጅራት መቺን በተመለከተ ደግሞ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ከኋላ ነው የሚመጣው፣ አንጓ አይሰጥህም። ብቻህን በጨለማ አትሂድ፣ ቢላ ካወጣ ስልኩን ስጠው፣ መንገድ ካገኘህ ሩጥ። በሯጭ አገር ተወልደን መሮጥ የሚያሳፍረን አይመስለኝም።