የእልፍኝ ሙዚቃና የሥዕል ታሪክ ገለጻ በሠፈር መድረክ፦ የኡራኤልና የካዛንቺስ አካባቢ እንደ ምሳሌ

መግቢያ

የኪነ ጥበብ ትምህርት በመሠረቱ ሁለት ችሎታዎችን ለማዳበር የታቀደ ነው። እነርሱም አስተውሎ ማየትና አስተውሎ ማድመጥ ናቸው። ተማሪው ራሱ ሠዓሊ ወይም ሙዚቀኛ ባይሆን እንኳ፣ የተሣለውን መርምሮ የሚያይና የተዜመውን ለይቶ የሚያደምጥ ከሆነ ትምህርቱ ፍሬ አፍርቷል ለማለት ይቻላል። እነዚህ ችሎታዎች ግን በንባብ ብቻ አይገኙም። ስለ በገና ድምፅ በመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ በገና ሰምቷል አይባልም። በደበዘዘች ትንሽ ፎቶግራፍ ላይ የመስተዋት ሥዕል ያየ ተማሪም ብርሃን በቀለም ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚመስል አያውቅም።

የክወናና እይታዊ ጥበባት ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ቦታ ተሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ማካካሻ የሚውልበት፣ ወይም ተማሪዎች ከሰሌዳ ላይ ማስታወሻ ገልብጠው የሚለያዩበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ የመምህሩ ስንፍና ብቻ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ጥቂት ሙዚቀኞች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሲጫወቱ አንድም ቀን ሳያደምጥ፣ በአንድ ሥዕል ፊት ግማሽ ሰዓት ሳይቆም ከማሠልጠኛ የተመረቀ መምህር፣ ያልቀመሰውን ለሌላ ማቅመስ ይቸግረዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በሠፈር ደረጃ የሚሰናዳ አነስተኛ የሙዚቃና የሥዕል ታሪክ ዝግጅት ይህን ጉድለት ለመሙላት እንዴት እንደሚረዳ ማስረዳት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን በካዛንቺስ በኩል እስከ አፍሪካ አዳራሽ ያለው በእግር የሚደረስ አካባቢ ነው።

የእልፍኝ ሙዚቃ ምንነት

በውጭ ቋንቋ «ቻምበር ሙዚቃ» የሚባለው፣ እንደ ስሙ ትርጉም በእልፍኝ ውስጥ እንዲደመጥ የተዘጋጀ ሙዚቃ ነው። በአውሮፓ መኳንንትና ባለጸጎች በቤታቸው ከጥቂት እንግዶች ጋር ያደምጡት ነበር። ከስልቶቹ ሁሉ የታወቀው ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ የሚሳተፉበት የአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች ጓድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1732 እስከ 1809 የኖረው የኦስትሪያው ደራሲ ዮሴፍ ሃይድን ለዚህ ዓይነቱ ጓድ 68 ያህል ድርሰቶች በመጻፍ መልኩን አስይዞታል።

የእልፍኝ ሙዚቃ ሦስት መለያዎች አሉት። አንደኛ፣ እያንዳንዱን የዜማ መስመር የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በትር ይዞ የሚመራ መሪ የለውም። ሦስተኛ፣ ቦታው ጠባብ፣ አድማጩም ጥቂት ነው። ትምህርታዊ ጥቅሙ ከእነዚሁ ይመነጫል። መሪ ስለሌለ ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው መደማመጥ ግዴታቸው ነው። አንዱ ቢያቆም ጉድለቱ ወዲያው ይታወቃል። ቅርብ የተቀመጠው አድማጭም ማን ዜማውን እንደ ጀመረ፣ ማን እንደ ተቀበለው፣ ማን ዝም ብሎ እንደ ጠበቀ በዓይኑም በጆሮውም ይከታተላል።

ከባህሉ ጋር ያለው ዝምድና

ይህ ልማድ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው ሊባል አይችልም። በገና ለአደባባይ ሳይሆን ለእልፍኝ የተሠራ መሣሪያ ነው። አሥር አውታሮች አሉት፤ አውታሮቹ በብርኩማው ላይ በሚያርፉበት ቦታ እንዚራ የሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ስለሚገቡ ድምፁ እየነዘረ ይወጣል። በዐቢይ ጾም ወራት በየቤቱ ለተመስጦና ለምስጋና ሲደረደር የኖረውም በዚሁ ዝግ ባለ ድምፁ ነው። የአዝማሪ ቤትም ምንም እንኳ ፈገግታና ጨዋታ የሞላበት ቢሆን፣ በአንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ የሚጫወት ማሲንቆና አንድ ድምፅ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከአድማጩ ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት መድረክ ነው።

በዘመናዊው ታሪክም ምሳሌዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 በግብፅ ተወላጁ ደራሲ በሐሊም ኤል ዳብ አነሳሽነት በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማዕከል የተቋቋመውና በኋላ ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ ከልዩ ልዩ ሕዝቦች የተሰበሰቡ ባህላዊ መሣሪያዎችን በአንድ ጓድ አስቀምጦ አጫውቷል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ «ኮቱሬዥያ» የተባለውን ድርሰታቸውን ያዘጋጁት ለፍሉት፣ ለክላሪኔት፣ ለቫዮሊንና ኮቶ ለሚባለው የጃፓን ባለ አውታር መሣሪያ ነው። አራት ተጫዋቾች ብቻ ይበቁታል። በ1916 ዓ.ም. ተወልደው በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም፣ የኢትዮጵያን ቅኝት በፒያኖ ሲገልጹ የኖሩት ለታላላቅ አዳራሽ በሚሆን ጩኸት ሳይሆን በብቸኝነት ጸጥታ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ የእልፍኝ ሙዚቃ ዝግጅት ሲታሰብ የግድ ከውጭ የመጣ ድርሰት መፈለግ እንደማያስፈልግ ነው። በአንድ በኩል ክራርና ዋሽንት፣ በሌላ በኩል ቫዮሊንና ቼሎ በአንድ ቀትር ተራ በተራ ቢደመጡ፣ ተማሪው ሁለቱንም በአንድ ሚዛን መመዘን ይለምዳል።

ሥዕልን አስተውሎ ማየት

የሥዕል ታሪክ ገለጻም በሩቅ አገር ቤተ መዘክር ባሉ ሥዕሎች መጀመር የለበትም። የኡራኤል አካባቢ ልጅ በየወሩ በ22ኛው ቀን የመልአኩ በዓል ሲታሰብ የሚያየው ሥዕል አለ። በኢትዮጵያ ትውፊት ቅዱስ ዑራኤል ጽዋ ይዞ ይሣላል፤ ይህም የክርስቶስን ደም በጽዋ ተቀብሎ በምድር ላይ ረጨ ከሚለው ትረካ ጋር የተያያዘ ነው። በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሣሉ፣ ኃጥአንና አጋንንት ግን በአንድ ዓይን በጎን ይሣላሉ። ይህን አንድ ደንብ የተማረ ልጅ፣ ማንም ሳይነግረው ሥዕሉን ማንበብ ይጀምራል። ሃይማኖቱ ሌላ የሆነ ተማሪም ደንቡን እንደ አሣሣል ታሪክ ሊማረው ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ አፍሪካ አዳራሽ መሻገር ይቻላል። በጣሊያናዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ የተነደፈው ይህ ሕንፃ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 አገሮች መሪዎችና ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት በዚሁ ነው። በመግቢያው አዳራሽ ያለው የመስተዋት ሥዕል፣ በአንኮበር ተወልደው በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርታቸውን የተከታተሉት የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ሲሆን ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። ችቦ ያነሡ ሰዎች የሚታዩበት ክፍል ብዙ ተመልካች የሚያስታውሰው ነው። ለበርካታ ዓመታት የቆየው የአዳራሹ እድሳት ተጠናቆ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ተመርቋል።

የመስተዋት ሥዕል ከሸራ ሥዕል የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። በሸራ ላይ ብርሃን ከፊት መጥቶ ወደ ተመልካቹ ይመለሳል። በመስተዋት ግን ብርሃኑ ከኋላ መጥቶ በቀለሙ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ሥዕሉ በጥዋትና በቀትር፣ በደመናና በፀሐይ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሲመሽም ከውስጥ ለሚያየው ይጨልማል። ለዚህ ነው ጉብኝቱ በቀን መደረግ ያለበት። ይህን ሐቅ በዓይኑ ያረጋገጠ ተማሪ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሥነ ጥበብንም የፊዚክስንም ትምህርት ቀስሟል።

የሠፈሩ መለወጥና የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት

በአዲስ አበባ እንዲህ ያሉ ዝግጅቶች ለረጅም ጊዜ የተሰናዱት አብዛኛውን ጊዜ በውጭ አገር የባህል ተቋማት፣ ማለትም በጎተ ኢንስቲትዩት፣ በአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና በጣሊያን የባህል ተቋም አዳራሾች ነው። የተቋማቱ አስተዋጽኦ ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ታዳሚው በአመዛኙ ቀድሞውኑ የለመደው ሰው ነው።

ካዛንቺስ በዚህ ረገድ የራሱ ታሪክ አለው። ስሙ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት የመጣ ሲሆን፣ ሠፈሩ ከጊዜ በኋላ በአዝማሪ ቤቶቹ ታወቀ። ከእነዚህ አንዱ የነበረው ፈንድቃ፣ በውዝዋዜ ባለሙያው በመላኩ በላይ አመራር ሙዚቃን ከሥዕል ዐውደ ርእይና ከግጥም ምሽት ጋር ያጣመረ የባህል ማዕከል ለመሆን በቅቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በተካሄደው መልሶ የማልማት ሥራ ግን አሮጌዎቹ ቤቶች ፈረሱ፤ ፈንድቃም የቀድሞ ቦታውን ለቀቀ። ነዋሪው ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወረ፤ ልጆችም ትምህርት ቤት ቀየሩ።

የሕንፃ መለወጥ በከተማ ዕድገት የሚጠበቅ ነው። አብሮ የማድመጥ ልማድ ግን በመንገድና በሕንፃ ሥራ ዕቅድ ውስጥ አይነደፍም። በአዝማሪ ቤት ደጃፍ ሲያልፍ ማሲንቆ ይሰማ የነበረ ልጅ፣ በተዛወረበት ሠፈር ያንን የሚሰማበት ቦታ ላይኖረው ይችላል። ነባሩ ጎረቤትና አዲሱ ነዋሪ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙበት፣ በየሠፈሩም የማይታጣ ተቋም ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ቀድሞ እልፍኙና አዝማሪ ቤቱ ይሰጡት የነበረውን አገልግሎት በከፊል መረከብ የትምህርት ቤቱ ድርሻ ሆኗል።

የዝግጅቱ አሰናዳድ

ዝግጅቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከዚህ በታች የተመለከቱት ነጥቦች ለርእሳነ መምህራንና ለመምህራን መመሪያ ሊሆኑ ይችላሉ።

1. ቦታ። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወይም ከመንገድ ራቅ ያለ አንድ ሰፊ ክፍል ይበቃል። ከስድሳ ሰው በላይ መጥራት አይመከርም። ወንበር ቢያንስ ከአካባቢው እድር መዋስ ይቻላል፤ በዚያውም የእድሩ አባላት ታዳሚ ይሆናሉ።

2. ጊዜ። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ለተማሪውም ለወላጁም ይመቻል። ጠቅላላው ዝግጅት ከአንድ ሰዓት ተኩል መብለጥ የለበትም።

3. ድምፅ። የድምፅ ማጉያ አያስፈልግም። ማጉያ ሲኖር አድማጩ ጆሮውን ማቅናት ይተዋል፤ የዝግጅቱ ዓላማ ደግሞ ጆሮን ማቅናት ነው።

4. ሙዚቃ። ከሁለት እስከ አራት ተጫዋቾች በቂ ናቸው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን መጋበዝ ለእነርሱም ልምምድ ነው፤ የመጓጓዣ ወጪያቸውን መሸፈን ግን ተገቢ ነው። ከጨዋታው በፊት ለተማሪዎች አንድ የማድመጥ ሥራ ይሰጣቸው። ለምሳሌ አንድ አጭር ዜማ በክራር መጀመሪያ በትዝታ፣ ቀጥሎ በባቲ ቅኝት ይቀርብና ለውጡ የተሰማው ተማሪ እጁን ያነሣል። በሌላ ጊዜ አምባሰልና አንቺሆዬ ይጨመራሉ።

5. ገለጻ። በአንድ ዝግጅት የሚገለጸው አንድ ሥዕል ብቻ ይሁን። ተናጋሪው «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ከማለቱ በፊት «ምን ይታያል?» ብሎ ይጠይቅ። ተማሪዎች ያዩትን ዘርዝረው ሳይጨርሱ የሠዓሊው የሕይወት ታሪክ መነገር የለበትም፤ መልሱን አስቀድሞ የሰማ ዓይን መፈለግ ያቆማልና። አፍሪካ አዳራሽን ለመጎብኘት ሲታሰብ ፈቃዱን አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

6. ንግግር። የመክፈቻና የመዝጊያ ንግግሮች ቢበዛ በአምስት ደቂቃ ይወሰኑ። ልጆች የክብር እንግዶችን ንግግር ሲያዳምጡ ደክመው፣ ሙዚቃው ሲጀመር የሚያንቀላፉበት ዝግጅት ዓላማውን ስቷል።

7. ክትትል። በሚቀጥለው ሰኞ ተማሪዎች ያደመጡትንና ያዩትን በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። መምህሩ የሚመዝነው የቃላቱን ማማር ሳይሆን የተማሪውን ማስተዋል ነው። «ዋሽንቱ ሲያርፍ ክራሩ ዝግ አለ» ብሎ የጻፈ ልጅ፣ «ሙዚቃው እጅግ አስደሳች ነበር» ካለው ይልቅ ተምሯል።

የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትም ይህንኑ ሥርዓት በራሳቸው ግቢ ሊጀምሩ ይገባል። እጩ መምህር በሥልጠናው ዘመን ቢያንስ ጥቂት ጊዜ እንዲህ ያለውን ዝግጅት ታድሞ፣ አንዱንም ራሱ አሰናድቶ ቢወጣ፣ በተመደበበት ወረዳ ያሬድ ትምህርት ቤትም ሆነ አፍሪካ አዳራሽ ባይኖር እንኳ የደብሩን ሥዕልና የመንደሩን ማሲንቆ መምቻ አያጣም።

ማጠቃለያ

የእልፍኝ ሙዚቃና የሥዕል ታሪክ ገለጻ ለጥቂት የተማሩ ሰዎች የተተወ ጌጥ ተደርገው መታየት የለባቸውም። ሁለቱም የሚጠይቁት ጸጥታን፣ ትዕግሥትንና ቅርበትን ነው፤ እነዚህ ደግሞ ለማንኛውም ትምህርት መሠረት ናቸው። ኡራኤልን የመሰለ አካባቢ መልኩ ሲለወጥ፣ ልጆቹ ከአሮጌው ሠፈር ይዘውት ሊሄዱ የሚችሉት ማየትና ማድመጥ የለመደ አእምሮ ነው። ይህንንም ለማስጨበጥ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሁለት መሣሪያዎች፣ አንድ ሥዕልና የተዘጋጀ መምህር ይበቃሉ።