አማኑኤል አብርሃም፦ በሚኒስትርነትና በቤተ ክርስቲያን መሪነት

አቶ አማኑኤል አብርሃም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት አምባሳደርና ሚኒስትር፣ በኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ደግሞ ለ22 ዓመታት ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከ1955 እስከ 1966 ዓ.ም ሁለቱንም ኃላፊነት ጎን ለጎን ይዘዋል። ነገሩ ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ተራ ይመስላል። በዘመኑ ግን በ1948 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ያደርጋታል፤ ንጉሠ ነገሥቱም የዚሁ እምነት ተከታይና ጠባቂ ናቸው። የእሳቸው ሚኒስትር የሌላ ቤተ እምነት መሪ ሆኖ ዓመታት መዝለቁ የንጉሡን አመኔታ ብቻ ሳይሆን የሰውየውን ጥንቃቄም ይጠይቅ ነበር።

አማኑኤል መጋቢት 8 ቀን 1905 ዓ.ም በምዕራብ ወለጋ፣ ቦጂ ተወለዱ። ቦጂ በወንጌላውያን ታሪክ ሰፊ ቦታ አላት። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ኤርትራዊው ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ከባለቤታቸው ከጉመሽ ጋር መጥተው በኦሮምኛ ማስተማር የጀመሩት እዚያ ነው፤ ያስተማሩትም ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወጥተው ሳይሆን እዚያው ሆነው ነበር። እሳቸው በቃጠሎ አደጋ ካረፉ በኋላ ሥራው በሌሎች እጅ ቀጠለ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦኔሲሞስ ነሲብም ነቀምቴ ከመግባታቸው በፊት ቦጂ ተቀምጠዋል። አማኑኤል ያደጉት እንግዲህ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቅዱስ መጽሐፍ በሚነበብለት ሕዝብ መካከል ነው።

በ1917 ዓ.ም አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን፣ የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። አማኑኤል ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆኑ። የትምህርት ቤቱ የበላይ ኃላፊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የወጣቱን መንገድ ከማንም በላይ የቀየሱትም እሳቸው ናቸው። ሐኪም ወርቅነህ ጎንደር ተወልደው በ1860 ዓ.ም መቅደላ ስትወድቅ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ የተወሰዱ፣ ቻርለስ ማርቲን ተብለው አድገው ላሆር ላይ ሕክምና የተማሩ፣ በኋላም አገራቸውን ፈልገው የተመለሱ ሰው ናቸው። የእሳቸው ሕይወት ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ሐኪም ወርቅነህ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው ሲሾሙ ዘመናዊ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶችን አስከትለው ሄዱ። ዋና ከተማዋ አስበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ግብሩ የታወቀበትና ሠራተኛው በደመወዝ የሚተዳደርበት የአስተዳደር ሙከራ የሚካሄድባት የሞዴል አውራጃ መቀመጫ ሆነች። አማኑኤል በ1923 ዓ.ም ገደማ እዚያ የትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነው ሥራ ያዙ። ዕድሜያቸው ገና ሃያ አልሞላም ነበር። ሹመቱ የሰው እጥረቱን ያሳያል፤ በዚያን ጊዜ የውጭ ቋንቋ የሚያውቅና ክፍል ይዞ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ ከጥቂቶች አይበልጥም።

ከጨርጨር ደጋ ወደ ውጭ ዓለም መውጫው ባቡሩ ነበር። መንገደኛው ቆላ ወርዶ ሚኤሶን ከመሰሉት ጣቢያዎች በአንዱ ይሳፈራል፤ ባቡሩ አፍደምን፣ ኤረርን፣ ሁርሶን አልፎ ድሬዳዋ ይገባል። በዚያ ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት አዋሽ፣ ሁለተኛውን ድሬዳዋ ያድራል።  ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ሐዲዱ ባሕሩ ድረስ ይዘልቃል።

በ1927 ዓ.ም ሐኪም ወርቅነህ በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ሲሾሙ አማኑኤልን ጸሐፊ አድርገው ይዘዋቸው ሄዱ። ወዲያው የጣሊያን ወረራ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም ተሰደው እንግሊዝ ገቡና ባዝ ከተማ ተቀመጡ፤ የመልእክተኛው ጽሕፈት ቤት ሥራም ስደተኛ መንግሥትን ማገልገል ሆነ። በየካቲት 1929 ዓ.ም የግራዚያኒ ጭፍጨፋ ባስከተለው ግድያ የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ ተገደሉ። በ1931 ዓ.ም እንግሊዝ ለጣሊያን ወረራ በይፋ ዕውቅና ሰጠች። አማኑኤል ግን ከሥራቸው አልተነቃነቁም። ሎንዶን የሄዱበትን ሥራ የጀመሩት የአንድ ነፃ አገር መልእክተኛ ጸሐፊ ሆነው ነው፤ አስተናጋጇ አገር ለወራሪው ዕውቅና ከሰጠች በኋላ ግን ደብዳቤ የሚጽፉት በካርታ ላይ ለሌለ መንግሥት ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሱት አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ነው።

በ1936 ዓ.ም የትምህርት ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ለራሳቸው ይዘውት ስለነበር ዳይሬክተሩ የሚሠራው በቀጥታ በዙፋኑ ዓይን ሥር ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ የወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን የውጭ ሚስዮኖች እንዲሰብኩባቸው የተፈቀዱና የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክልል ተብለው የተዘጉ አካባቢዎች ብሎ ከፈለ፤ የማስተማሪያውም ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። የሚስዮኖችን ፈቃድ ከሚመረምሩት መሥሪያ ቤቶች አንዱ ትምህርት ሚኒስቴር ነበር። በኦሮምኛ በተሰበከ ወንጌል መካከል ያደገ ሰው በዚህ ወንበር ላይ መቀመጡ ቀላል ፈተና አይደለም።

ፈተናው ከሌላም አቅጣጫ መጣ። አማኑኤል በትዝታ መጽሐፋቸው እንዳነሡት፣ በትምህርት ዕድል ኦሮሞዎችን ያበልጣሉ የሚል ክስ ቀረበባቸው። የመለሱት በስሜት አልነበረም፤ የትምህርት ቤቶቹን የተማሪ መዝገብ አስቆጠሩ። ቆጠራው ከከሳሾቹ ግምት የራቀ ሆነ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ከሸዋ የመጡ ነበሩ። ይህ ገጠመኝ የሰውየውን ጠባይ ከማንኛውም ውዳሴ ይልቅ ያሳያል። ቢሮክራት ነበሩ፤ ቃሉ በበጎም በክፉም ይገባቸዋል። ወረቀት ያምናሉ፣ ደንብ ያከብራሉ፣ ጌታቸውን አይክዱም። የንጉሡን ሥርዓት የተቹ የኋላ ትውልዶች የመሬት ጭሰኝነትን ይዞ ከኖረ መንግሥት ጋር እስከ መጨረሻው መቆማቸውን ቢያነሱ አይፈረድባቸውም።

ከዚያ በኋላ በሕንድና በጣሊያን መልእክተኛ፣ ከዚያም በእንግሊዝ አምባሳደር ሆኑ። ሲመለሱም በተከታታይ የፖስታ፣ ቴሌግራፍና ቴሌፎን፣ የመገናኛና የማዕድን ሚኒስትር ሆነው አገለገሉ።

የቤተ ክርስቲያን አገልግሎታቸው ከዚህ ጋር ትይዩ ሄደ። ከተለያዩ የሉተራን ሚስዮኖች ሥራ የበቀሉት ማኅበረ ምእመናን ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም መካነ ኢየሱስ በሚል ስም አንዲት አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ሆኑ። ያን ጊዜ የምእመናኑ ቁጥር ወደ 20 ሺህ ይገመት ነበር። በ1955 ዓ.ም አማኑኤል ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ቄስ አልነበሩም፣ የሚኒስትርነት ወንበራቸውንም አልለቀቁም። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያን አዲስ አበባ ላይ ከፈተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሆነው መጡ። እሳቸውም የቦጂ ልጅ ናቸው። ፕሬዚዳንቱ የመንግሥት ሰው፣ የተረጋጉ፤ ጸሐፊው ደግሞ በአደባባይ የሚናገሩ፣ ነገርን ከሥሩ የሚያነሱ ነበሩ፤ ሥራው የሰመረውም ሁለቱ ስለተለያዩ ይመስላል።

በግንቦት 1964 ዓ.ም የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎች ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የላኩት ደብዳቤ በአብያተ ክርስቲያናት ዓለም ብዙ ክርክር አስነሣ። የምዕራቡ ዓለም ለጋሾች ለትምህርት ቤት፣ ለጤናና ለእርሻ ልማት ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ሥራና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን እጃቸው ያጥራል። ደብዳቤው ሰው ሥጋውና ነፍሱ የሚነጣጠል ፍጡር አይደለም፤ ስለዚህ ልማቱንና ስብከቱን በሁለት ሣጥን መክፈል ስህተት ነው አለ። ክርክሩን ተከትሎ በጥቅምት 1967 ዓ.ም ናይሮቢ ላይ ዓለም አቀፍ ምክክር ተደረገ። በዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት እስረኛ ነበሩ።

በ1966ቱ አብዮት ከሌሎች ሚኒስትሮች ጋር ተይዘው ታሠሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ሌሊት ወታደራዊው መንግሥት ደርግ 60 ሰዎችን በጥይት ሲረሽን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። አማኑኤል ከዚያ ተርፈው በዚያው ዓመት ተፈቱ። የመንግሥት ሥልጣናቸው እዚያ ላይ አበቃ፤ የቤተ ክርስቲያን ፕሬዚዳንትነታቸው ግን ገና አሥር ዓመት ይቀረው ነበር፤ ክብደቱም ያን ጊዜ ታየ።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ ተወርሶ የአብዮቱ ድምፅ ሆነ። ቄስ ጉዲና ደጋግመው ታሠሩ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ማቀቁ። በወለጋ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፣ አዲስ አበባ ያለው የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃም ተወረሰ። አማኑኤል ከሥልጣን ወርደው፣ ከእስር ወጥተው፣ የቅርብ የሥራ ባልደረባቸውን አጥተው እስከ 1977 ዓ.ም በፕሬዚዳንትነቱ ቆዩ። በዚህ ዘመን ያደረጉት ብዙው ነገር ጩኸት የሌለው ሥራ ነው፤ ስብሰባ መጥራት፣ ማመልከቻ መጻፍ፣ ሠራተኛ ማቆየት። የኋላ ኋላ የቤተ ክርስቲያኒቱ መዋቅር ሳይፈርስ መትረፉ ከዚህ ሥራ ተለይቶ አይታይም።

የሕይወት ትዝታቸውን በእንግሊዝኛ ጽፈው በ1995 እ.ኤ.አ. ኦስሎ ላይ አሳተሙ። መጽሐፉ የንጉሡን ዘመን የትምህርትና የውጭ ጉዳይ ሥራ ከውስጥ የሚያሳይ በመሆኑ የታሪክ አጥኚዎች ይጠቅሱታል፤ የመካነ ኢየሱስን ታሪክ ለሚጽፍም ዋና ምንጭ ነው። አማኑኤል በ2016 እ.ኤ.አ. በ103 ዓመታቸው አረፉ። ከ20 ሺህ ምእመናን የጀመረችው ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ የአባላቷን ቁጥር በሚሊዮኖች ትቆጥር ነበር።