መርዝ የጅብና የልቅ ውሻ መፍትሔ አይደለም

በወልዲያና በመርሳ ዙሪያ እንዲሁም በሀብሩ ቀበሌዎች ስንዘዋወር ሁለት አቤቱታ እንሰማለን። ጅብ ሌሊት በረት ይሰብራል፤ የጎረቤት ልቅ ውሻም ዶሮና ግልገል ይፈጃል። የተማረረ ገበሬ ሥጋ መርዞ ቢጥል ግን የጎረቤቱ ውሻ ይሞታል፤ በድኑን የበላ ጥንብ አንሣም ያልቃል፤ ቂም ይተርፋል። ጥንብ አንሣ ሲያልቅ ጥንቡ ሜዳ ላይ ስለሚከርም ጅብና ውሻ ይሰበሰባሉ።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፦

1ኛ/ የሞተ ከብትና የእርድ ተረፈ ምርት በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።

2ኛ/ በግና ፍየል ጣሪያና ጠንካራ በር ባለው በረት ይደር።

3ኛ/ ውሻ ከግቢ አይውጣ፤ በየዓመቱም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ።

ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ አያድንም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ፣ የባህል መድኃኒት ፍለጋ ሳይዘገይ፣ ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ከውሻው ባለቤት ጋር ክርክሩ በኋላ ይደርሳል።

ከ100 ውሾች 70ው ከተከተቡ የበሽታው መዛመት ይገታል። የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋግረው የቀበሌውን ውሾች በአንድ ቀን እንዲያስከትቡ እናሳስባለን።