አልላቀቅ ያለ እንግዴ ልጅ

ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ እንግዴ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ማህፀኑም ተኮማትሮ የተከፈቱትን የደም ሥሮች ጨምቆ ይዘጋቸዋል። አንዳንዱ ግን አይላቀቅም። ግድግዳውን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ ጡንቻውን ሰርስሮ ይገባል፣ ሲብስም ማህፀኑን አልፎ የሽንት ፊኛ ላይ ይደርሳል። ሐኪሞች እንደ ጥልቀቱ አክሬታ፣ ኢንክሬታና ፐርክሬታ ይሉታል።

ዋናው መነሻ የቀድሞ የማህፀን ኦፕራሲዮን ጠባሳ ነው። በአሜሪካ 30,000 ያህል ወላዶች ላይ ተሠርቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ካረፈ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦፕራሲዮን ከሚወልዱት ከመቶ 3ቱ ይህ መጣበቅ ይገጥማቸዋል። በሁለተኛው 11፣ በሦስተኛው 40 ይሆናል። ስለዚህ ጠባሳ ያላት እናት አልትራሳውንድ ስትነሳ፣ እንግዴ ልጁ የት እንዳረፈ ተለይቶ መታየት አለበት።

በመውለጃዋ ሰሞን ወደ ማህፀን በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ይፈስሳል። የተጣበቀውን በእጅ ለማላቀቅ መሞከር ይህን ሁሉ ደም መክፈት ነው። የቀዶ ሕክምናው ጥበብም ያለው ባለመንካቱ ላይ ነው።

ቀኑ አስቀድሞ ይቆረጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከ34 እስከ 36 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ምጥ ሳይጀምር። ደም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ የማደንዘዣ፣ የሽንት ቧንቧና የጨቅላ ሕፃናት ሐኪሞች ይሰለፋሉ። ቀዳጁ ሐኪም ማህፀኑን የሚከፍተው እንግዴ ልጁ ከሌለበት፣ ብዙ ጊዜ ከላይ በኩል ነው። ሕፃኑ ይወጣል፣ እትብቱ ይታሰራል፣ እንግዴ ልጁ ግን ባለበት ይቀራል። ቀዳዳው ከተሰፋ በኋላ ማህፀኑ እንግዴ ልጁን እንደያዘ ተቆርጦ ይወጣል። ከባዱ ሥራ የሽንት ፊኛውን ከማህፀኑ መለየት ነው። በቀድሞው ጠባሳ ተጣብቀው፣ በመካከላቸው አዳዲስ ደም ሥሮች ተወጣጥረው ይገኛሉ፤ እዚህ ላይ መቸኮል ሕይወት ያስከፍላል።

ማህፀን ማጣት ግን ቀላል ነገር አይደለም። እናቲቱ ከሰመመን ነቅታ ልትሰማው አይገባም፤ አስቀድማ፣ ብትፈልግ ከባለቤቷ ጋር ተቀምጣ፣ በሚገባት ቋንቋ ሊነገራት ይገባል። ሌላ ልጅ ለምትመኝም አማራጭ አለ። በአርጀንቲና ሐኪሞች የተጎዳውን የማህፀን ክፍል ብቻ ቆርጠው ቀሪውን መጠገን አስለምደዋል። በፈረንሳይ ደግሞ እንግዴ ልጁን ሳይነኩ ትተው፣ በራሱ እስኪጠፋ ወራት የሚጠብቁ አሉ። በነዚያ ወራት ግን ኢንፌክሽን ወይም ድንገተኛ ደም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ይህን መንገድ የምትመርጥ ሴት፣ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ኦፕራሲዮን ከሚሠራና ደም ከማያጣ ሆስፒታል ርቃ መኖር የለባትም።