መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው

ልጅ ያደገበት ቤት ይህን ጥያቄ ሳይሰማ የሚቀር አይመስለንም። «ኮምፒዩተሬ ለጨዋታ አይበቃም፤ አዲስ ዕቃ ይገዛልኝ» ይላል ልጁ። ወላጆቹም የዕቃውን ጠባይ ስለማያውቁ፥ ወይ ፈጽመው ይከለክላሉ፥ ወይም ልጁ የጠራውን ስም ብቻ ይዘው ገንዘባቸውን ያወጣሉ። ሁለቱም መንገድ ጉዳት እንዳለው በገዛ ቤታችን ስላየነው፥ የደረሰብንን ሳንሸሽግ፥ የተማርነውንም ሳናስቀር ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤታችን ኮምፒዩተር በውጭ አገር ሲያገለግል ቆይቶ የመጣ የቢሮ ዕቃ ነው። ፕሮሰሰሩ በ2015 የወጣው ኮር አይ 5 6500፥ ራሙ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት፥ ማከማቻውም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበር። ልጃችን ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብ አምጥቶ ሰጠን፤ የጎደለውን እኛ ሞላን። በአሜሪካ የምትኖረው አክስቱ ለገና ስትመጣ እርሱ በስም የጠራውን ግራፊክስ ካርድ ገዝታ እንድታመጣለት፥ ዋጋውንም እዚህ በብር ልንከፍላት ተስማማን።

ካርዱ በሰላም መጣ። ሳጥኑ ተከፍቶ ሊገጠም ሲል ግን 170 ዋት የሚፈልግ፥ ሠሪዎቹም 550 ዋት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ያዘዙለት ሆኖ ተገኘ። የእኛው ፓወር ሰፕላይ የሚሰጠው 240 ዋት ብቻ ነው፤ ለካርዱ የሚሰካ ተጨማሪ ገመድም የለውም። ልጁ ካርዱን ወደ ካርቶኑ መልሶ ዝም አለ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳነውም። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረምና፤ እኛም ስሙን ጠየቅን እንጂ ቁጥሩን አልጠየቅንም። አክስቱ ስትመለስ ካርዱን ይዛው ሄደች፤ ሸጠችውም፤ ነገር ግን ከዋጋው ጎደለ።

ከዚህ በኋላ አንድ ምሽት ከልጁ ጋር ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። ሦስት ጥያቄዎችንም ጻፍን።

የመጀመሪያው፥ ሥራውን ወደ ኋላ የሚጎትተው የትኛው ክፍል ነው? የሚል ነው። ጥማድ በሬ የሚሄደው በደካማው እርምጃ ነው፤ ብርቱውን በሌላ ብርቱ ቢለውጡት እርሻው አይፈጥንም። ኮምፒዩተርም እንደዚሁ ነው። ደካማውን ለማወቅ ምንም ገንዘብ አያስፈልግም። ጨዋታው ተከፍቶ ሳለ ኮንትሮል፥ ሺፍትና እስኬፕ የተባሉት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ታስክ ማናጀር የተባለው መስኮት ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ክፍል ከመቶ ስንት እንደሚሠራም ያሳያል። ግራፊክሱ ወደ 100 ተጠግቶ ፕሮሰሰሩ ካልደከመ፥ ደካማው ግራፊክሱ ነው። ራሙ ሞልቶ ዲስኩ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ከሆነ፥ ራሙ አንሷል። በጨዋታው ውስጥ የምስሉ መጠን ዝቅ ተደርጎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ግን ደካማው ፕሮሰሰሩ ሊሆን ስለሚችል፥ አዲስ ካርድ መግዛት ብዙ አይጠቅምም። በእኛ ዘንድ ለብቻው የተሠራ ካርድ ስላልነበረ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ዘወትር 100 ያሳይ ነበር፤ ራሙም ሊሞላ ጥቂት ይቀረው ነበር።

ሁለተኛው፥ ኮምፒዩተሩ ምን ሊሸከም ይችላል? የሚል ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ካርዱ የሚሰካበት ቦታ የሚሰጠው ኃይል ከ75 ዋት አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ የተለየ ገመድ ይሻል። ብዙዎቹ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ፓወር ሰፕላያቸው የተለየ አሠራር ስላለው፥ ከገበያ የተገኘ ሁሉ አይገጥምላቸውም። እንዲህ ላለው ኮምፒዩተር በ2019 የወጣው ጂ ቲ ኤክስ 1650 75 ዋት፥ በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይት አር ቲ ኤክስ 3050 ደግሞ 70 ዋት ስለሚፈልጉ ይስማማሉ። ነገር ግን ከእነዚሁ መካከል ተጨማሪ ገመድ እንዲሰካባቸው ተደርገው የተሠሩ ስለሚገኙ፥ ሳይገዙ ካርዱን ራሱን መመልከት ይገባል። በ2022 የወጣው አር ኤክስ 6400 የሚፈልገው 53 ዋት ብቻ ነው፤ ሆኖም ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ4 መሥመር ብቻ ስለ ሆነ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል። የሳጥኑን ቁመትና ርዝመትም በማስመሪያ መለካት አይዘንጋ።

ስለ ራምም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዲ ዲ አር 3፥ ዲ ዲ አር 4 እና ዲ ዲ አር 5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከአንድ ትልቅ ራም ይልቅ እኩል የሆኑ ሁለት ራሞች ይሻላሉ፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ያነብባቸዋልና። ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የራም ዋጋ እጅግ ስለ ናረ፥ ያለውን ሳይጥሉ አንድ መሰሉን መጨመር አስተዋይነት ነው።

ሦስተኛው፥ ነገ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሊዛወር የሚችለው የትኛው ነው? የሚል ነው። ዊንዶውስ 10 ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ ቆሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኢንቴልን ፕሮሰሰሮች በደንቡ የሚቀበለው በጠቅላላው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ነው። የእኛው 6ኛ ትውልድ ስለ ሆነ ዕድሜው አጭር መሆኑን ዐወቅን። ስለዚህ ከዚያው ጋር የሚቀረውን ፕሮሰሰር ለመለወጥ ገንዘብ አላወጣንም። ማዘርቦርዱ ኤ ኤም 4 የተባለው ዓይነት የሆነለት ቤተ ሰብ ግን በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ በ2017 ከተሸጡት ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ ባዮሳቸው ከታደሰ በኋላ በ2022 የወጣውን ራይዘን 7 5800 ኤክስ 3 ዲ ሊቀበሉ ይችላሉና፥ ፕሮሰሰሩን ብቻ መለወጥ ይበቃዋል።

በመጨረሻ ልጃችን ራሱ መረጠ፤ ባለ 70 ዋቱን ካርድ፥ አንድ ያገለገለ ባለ 8 ጊጋባይት ራም፥ እንዲሁም ትንሽ ኤስ ኤስ ዲ። የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፥ በሳታ ገመድ የሚሰካ ኤስ ኤስ ዲ እስከ 550 ገደማ ያነብባል። ይህም ጨዋታው እስኪከፈት ያለውን ጥበቃ ያሳጥራል እንጂ ጨዋታውን በራሱ እምብዛም አያፈጥነውም፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ከማዘን ያድናል። ከሦስቱ ውስጥ ካርዱና ኤስ ኤስ ዲው ወደሚመጣው ኮምፒዩተር አብረው ይሄዳሉ። ሞኒተራችንም በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በላይ ለሚያፈጥን ካርድ መክፈል ዓይን ለማያየው ነገር መክፈል ነበር።

ዕቃው ሲገጠም ልጁ ዊንጩን ይዞ፥ እኛ መብራት ይዘን ቆምን። ጨዋታውም ሳይደናቀፍ ሄደ። ያ ምሽት የተጻፈበት ወረቀት ዛሬ በኮምፒዩተሩ ሳጥን ጎን ተለጥፎ ይገኛል። ልጅዎ የዕቃ ስም ጠርቶ ሲመጣ፥ እምቢም እሺም ከማለት በፊት ወረቀት አምጡና አብራችሁ ተቀመጡ። እኛ ያን ምሽት ዘግይተን ስለ ተቀመጥን፥ የልጃችን የዓመት ቁጠባ ከፊሉ ባክኖ ቀርቷል።